ግንባር ላይ የዋለው መነጽር

እድላዊት «ብረት የሚቆርጥ ሰው አላገባም» ማለት የጀመረችው ገና ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ጋሽ አምባው ግራ ዓይናቸውን ያጡት በብረት መቁረጫው ማሽን፣ በግራይንደር ነበር። ጠባብ ማዕዘን አላስገባ ቢላቸው የዲስኩን መከላከያ አወለቁ፤ ዲስኩ ተሰበረና ስባሪው ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ታዲያ አፍ የማለውን ልብ መቼ ይሰማል?

ፊሮምሳ የሚባል ወጣት ሥራ ፍለጋ የመጣ ዕለት፣ እድላዊት አቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፈንጠር ብሎ ባለው የአባቷ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ በር እየቀባች ነበር። ሰላም እንኳ ሳይላት ሻሿ ላይ አፈጠጠ።

«እህቴ፣ ሻሽሽን ሰብስቢው፤ ማሽን አጠገብ ነሽ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ለሰው የሚጠነቀቅ ልጅ ነው አለች በሆድዋ። አባቷ ሲቀጥሩት መነጽሩን የሰጠችው እሷ ናት። ያለ መነጽርና ያለ መከላከያ መቁረጥ እንደሌለ፣ ሶኬት ሳይነቀል ዲስክ መቀየር እንደማይታሰብ ነገረችው። እሱም እሺ አለ። እሺታው ደግሞ አቤት ሲጣፍጥ!

ከዚያ ወዲህ ዞር ባለች ቁጥር መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ አውልቆት ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። ቀለሙ ብሩሿ ላይ ደርቆ ያውቃል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ሲላት አንገቷን ደፋች፤ ይህን ደግሞ እምቢታ ነው የሚል አገር የለም።

አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም መስኮት ልትለካ ሄደች። ታክሲው ቶሎ ሞላና ካሰበችው ቀድማ ተመለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ፊሮምሳ ጎንበስ ብሎ ብረት ይቆርጣል። የዲስኩ መከላከያ ወልቆ መሬት ላይ ወድቋል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። ፍንጣሪው ፊቱ ላይ ይረግፋል።

እድላዊት ክው አለች። ማሽን የያዘን ሰው አያስደነግጡምና ጩኸቷን ውጣ ቆመች፤ ዲስኩ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ጠበቀች። ያኔ አያት። እጁ ተወርውሮ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳበው። ከሁሉም ከሁሉም ያቃጠላት ይኼኛው ነው።

«ተወው። አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«ጠባብ ሆኖብኝ እኮ ነው፣ እድልዬ። አንዴ ብቻ...»

«አባዬም ያወለቀው አንዴ ብቻ ነው።»

ፊሮምሳ ግራይንደሩን አስቀመጠ። «አንቺ ደስ እንዲልሽ ሁልጊዜ አደርገው የለ?»

«እኔን ደስ እንዲለኝ ከሆነ፣ እኔ በሌለሁበት ዓይንህን ማን ይጠብቅልኛል? ሽማግሌ እንዳትልክ።»

ይህን ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብረታ ብረት ቤቱን ረገጠችው ከተባለ ውሸት ነው። ቤት ተቀምጣ የግራይንደሩን ድምፅ በሩቁ በሰማች ቁጥር ትሳቀቃለች፤ ሲቆም ደግሞ ይብስባታል። ትወደዋለች፤ መውደዷ ነው ያስፈራት። ጋሽ አምባው የቀላ ዓይኗን እያዩ እንዳላዩ ያልፋሉ።

አንድ ከሰዓት የሱቅ በር ያዘዙ ሂርጳ የሚባሉ ነጋዴ እነ እድላዊት ቤት ድረስ መጡ። ጋሽ አምባው ለቅሶ ሄደዋል። ሰውየው ምሬታቸውን እሷው ላይ አራገፉት።

«ልጄ፣ ያ ሠራተኛችሁ ጤነኛ ነው?»

«ምን አደረገ?» አለች።

ሰውየው እንደተረኩት፣ የበሩ ማጠፊያ ቦታ ጠባብ ነው። ያን የዲስክ ሽፋን አውልቀህ ቶሎ ቁረጥልኝ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ማን ያይሃል፣ ሰው የለ፣ ብለው ቢለምኑት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? የሚያይ ሰው ስለሌለ እኮ ነው አላቸው። ከዚያ የእጅ መጋዝ አንስቶ፣ ይኸው ከምሳ ጀምሮ እንደ ወተት ናጭ ወዲህ ወዲያ ይላል።

«ይባስ ብሎ ለእጅ መጋዝ መነጽር አድርጓል!»

እድላዊት አፏን በመዳፏ ያዘች። እሳቸው ባማረሩ ቁጥር የእሷ ፊት ይፈካል። ምን ያስቅሻል ቢሏት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ሰውየውን እዚያው ትታ ወጣች።

ያን ቀን የቆመችበት በር ላይ ቆመች። ፊሮምሳ ጀርባውን ሰጥቶ ይገዘግዛል። ግራይንደሩ ከነመከላከያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሏል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ለማንም ብሎ አልነበረም፤ ለራሱ ብሎ ነው። እሷ ደግሞ የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ የት ደረሱ?» አለችው።

መጋዙ ቆመ። ዞር ሲል መነጽሩ በላብ ጉም ለብሷል። ሳያያት በድምፅዋ አወቃት።

«አሁን ልላካቸው?»

«መጀመሪያ የሰውየውን በር ጨርስ።»

«በመጋዝ ነው እኮ፣ እድልዬ። ይመሻል።»

እድላዊት ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይምሽ» አለችው።