መርቭ የጨመረው ነጥብ

ያ ዓመት ዝናብ አልጣለም። ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ። የኩላንባ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ሆነ። በጎች ተሸጡ፤ ያልተሸጡት ተቀበሩ። ውሃ በቦቴ እየመጣ በባልዲ ይታደል ነበር። ደልሲ ሃንራሃን የምታሠለጥናቸውን ፈረሶች አንድ በአንድ ሸጣ አንዲት ባዝራ ብቻ ቀረቻት። ሰው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፈረስ መሮጫው ሜዳ መምጣቱን አልተወም። ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

አርብ ጠዋት ሽማግሌው መርቭ ታክዌል በዚያች ባዝራ ጋጣ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ገለባው ላይ ተንጋሏል። ግንባሩ ላይ ሰፊ የኮቴ ብረት ቅርጽ ሰምጧል። ባዝራዋ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

ሳጅን ኖሪን ጊላርድ መጥታ አየችና ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች። ሰው የገደለች ፈረስ አትቆይም። ሐኪሙ እኩለ ቀን ላይ ጠመንጃውን ይዞ እንደሚመጣ ነገራት። ጎንበስ ብላ የባዝራዋን እግር ያየችው ከደወለች በኋላ ነው። ኮቴዋ ላይ ያለው ብረት ጠባብና አዲስ ነበር፤ ያብረቀርቃል። ሳጅኗ ኮቴውን መልሳ በገለባ ሸፈነችው።

ደልሲ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት ሆኖ፣ እትዬ ደልሲ?»

«ትራገጣለች፣ ልጄ። አገር ያወቀው ነው። በሩን መቆለፍ ነበረብኝ።»

«መርቭስ አያውቅም ነበር?»

«ከእኔ በላይ ያውቃታል። ከኋላዋ ቆሞ አያውቅም።»

«ነገ ትሮጥ ነበር?»

«ትናንት ጠዋት አትሮጥም ብዬ ነበር፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ መርቭ የመሬቱን ጥንካሬ የሚለካበትን የብረት ዘንግ ይዞ መጣ። ሜዳውን ዞሮ ሲወጋው ውሏል። ‹መታጠፊያው ላይ ውሃ አርከፍክፈውበት ለስልሷል፤ አስሩጫት፤ በእኔ ነጥብ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት› አለኝ። ቤቫንን ጠርቼ የሩጫውን ብረት አስመታኋት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሦስታችን ብቻ። መርቭ እስከ ነገ ዝም በሉ አለን።» ደልሲ መዳፏን አየች። «በዚያ በድሮው ድርቅ ፈረሶቼን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ሚስቱ ለተከለችው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ያስቀመጠውን ውሃ ለእኔ ፈረሶች አመጣ። የዛፉ ግማሹ ደረቀ። ‹ውሃህን እመልሳለሁ› ስለው ‹ሲዘንብ› ይለኝ ነበር። ይኸው፣ አመላለሴን አየሽው።»

ለፈረሶቹ ኮቴ ብረት የሚመታው ቤቫን ሮች በርሜል ተደግፎ ቆሟል። ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልዱ አልወጣለትም።

«ከባዝራዋ ያወለቅከው አሮጌ ብረት የት ነው?» አለችው ሳጅኗ።

«እዚህ በርሜል ውስጥ። ሰኞ መልሼ እመታላታለሁ ብዬ ከላይ ጣልኩት።»

ሳጅኗ አንገቷን አስግጋ አየች። በርሜሉ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ አቧራና የደረቀ ፋንድያ ለብሷል። ከላይ ካሉት አንዱ ግን ንጹሕ ነው።

«አንተ ነህ ያጠብከው?»

«እኔ? ሳጅን፣ ፊቴን ከታጠብኩ ስንት ቀኔ።»

«ከእናንተ ሌላ የግቢው ቁልፍ ያለው ክላሪ ነው። ከመርቭ ጋር እንዴት ነበሩ?»

ቤቫን ባርኔጣውን አወለቀ። «መርቭ ዓይኑ ደክሞበታል። ጠዋት ጠዋት ፈረሶቹ ሲለማመዱ ሰዓት የሚይዝለት ክላሪ ነው። ክላሪ ደግሞ ይዋሻል። ጥሩ ፈረስ ሲያይ፣ ፈረሱ ሳይነሣ ሰዓቱን በአውራ ጣቱ ቀድሞ ይጫንና ያረዝምበታል። መርቭ ምን አለኝ መሰለሽ፤ ‹ቤቫን፣ ሰዓቱን ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ከጠረገ ፈረሱ ጥሩ ነው።› እኔ ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ያኔውኑ ሁለቱን አቀራርቤ ማነጋገር ነበረብኝ።»

ክላሪ ፔስክ አጥሩ አጠገብ ብቻውን ነበር። ከመርቭ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው።

«ጋሽ ክላሪ፣ መርቭን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

ክላሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት፣ እዚሁ ሜዳው ላይ። ዛሬ አላየሁትም።»

«የባዝራዋ ነገር ያሳዝናል። ለነገው ሩጫ ደርሳ ነበር።»

«የምን ሩጫ? ደልሲ ራሷ አትሮጥም ብላኛለች» አለ። በዚህኛው ጊዜ ጉሮሮውን አልጠረገም።

ሳጅኗ ከዚያ ወደ መርቭ ቤት ሄደች። በሩ ፊት ያ ግማሹ የደረቀ ቁንዶ በርበሬ ቆሟል። ውስጥ ግድግዳውን የሞላ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የመርቭ ዕድሜ እዚያ ላይ ነው ያለቀው። የፈረሱን ሰዓት ይጽፋል፤ በተሸከመው ክብደት፣ በመሬቱ ጥንካሬ፣ በነፋሱ ያስተካክለዋል፤ በመጨረሻ አንድ ነጥብ ይወጣል። ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ፈረስ ሰው ከናቀው፣ መርቭ ይወራረድበታል። ክብደት፣ መሬት፣ ነፋስ የሚሉ መስመሮች ተሰምረዋል። ከነፋስ ቀጥሎ ሌላ መስመር አለ። ሳጅኗ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ መጣ። ሳጅኗ ሁሉንም ጋጣው ፊት ሰበሰበቻቸው። ደልሲ የባዝራዋን ልጓም ይዛለች።

«ጠመንጃው መኪናው ውስጥ ይቆይ» አለች ሳጅኗ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እግሯን ሳላይ ደወልኩ። ቤቫን፣ አንሣላቸው።»

ቤቫን የባዝራዋን እግር አነሣ። ጠባቡ ብረት አብረቀረቀ።

«ይህ የሩጫ አሉሚኒየም ነው፤ እንደ ጣት የቀጠነ» አለች ሳጅኗ። « መርቭ ግንባር ላይ ያለው ምልክት ግን ሰፊ ነው፤ የአሮጌ ብረት ምልክት። ባዝራዋ አሮጌውን ትናንት አውልቃለች። ስለዚህ እሷ አልረገጠችውም። ሰው በእጁ መታውና ጎትቶ እዚህ አስተኛው።»

ደልሲ ፊቷን የባዝራዋ አንገት ውስጥ ቀበረች።

«የመታበትን ብረት አጥቦ በርሜሉ ውስጥ መልሶታል። ሰው ሸሚዙን በማያጥብበት ጊዜ አንድ ብረት ብቻ ንጹሕ ሆነ። እንግዲህ የጋጣውን ግቢ ቁልፍ የያዛችሁት ከመርቭ ሌላ እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ። ይህን ያደረገው ባዝራዋ አሮጌውን ብረት እንዳደረገች ያመነ ሰው ነው። እትዬ ደልሲ ራሳቸው ናቸው ያስቀየሩት። አዲሱን ብረት የመታላት ቤቫን ራሱ ነው። አትሮጥም የተባለና የለውጡን ወሬ ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ክላሪ ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀመረና ተወው።

«ክላሪ?» አለች ደልሲ። «አንተ?»

«ገና ሲነጋ ነው» አለ ክላሪ። «‹በሰዓቱ የምታደርገውን አውቃለሁ፤ ና ሰሌዳውን ላሳይህ› አለኝ። ሊያዋርደኝ መሰለኝ። ከሜዳው የሚያስባርረኝ መሰለኝ። እጄ የገባውን አነሣሁ። ደግሜ አልመታሁትም። አንዱ በቃው።»

«ለምን ዋሸኸው?» አለው ቤቫን። «ስንት ዘመን አብራችሁ ቆማችሁ!»

«አንድ ቀን እንኳ ከእሱ ቀድሜ ማወቅ አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሳጅኗ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰሌዳውን አይቼዋለሁ፣ ጋሽ ክላሪ። ከነፋስ ቀጥሎ ያለው መስመር ‹ክላሪ› ይላል። ጉሮሮዎን በጠረጉ ቁጥር ለፈረሱ ሁለት ነጥብ ይጨምርለታል። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ ጥንት የተጻፈበት ጠመኔ ደብዝዟል። ሊያሳይዎት የፈለገው እሱን ነው። ሲያውቅ ኖሯል። እንደ ነፋስ ቆጥሮዎት አብሮዎት ኖረ።»

ክላሪ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ወደ ባዝራዋ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እጁን አየ።

«ለእኔ ጨመረልኝ» አለ። ሳጅኗ እጁን ይዛ አስነሣችው፤ ማሰሪያ አላስፈለገም።

ማታ የውሃው ቦቴ መጣ። ደልሲ የቀኗን ድርሻ በሁለት ባልዲ ቀድታ፣ ባዝራዋን እየሳበች ወደ መርቭ ቤት ሄደች። ባዝራዋ አንዱን ባልዲ ጠጥታ ወደ ሌላው አንገቷን ዘረጋች። ደልሲ ገፋ አደረገቻት።

«ይህ ያንቺ አይደለም» አለቻት።

ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። ደልሲ ግን ዝናቡን አልጠበቀችም። ተንበርክካ ውሃውን በቁንዶ በርበሬው ሥር፣ መሬቱ እንዲጠጣው ቀስ እያለች፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሰችው።