ያስገባ ያስወጣል

«ያስገባሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺው አስወጪያት» ብላ ጻፈችላት ሳቢሪን።

ዱኒያ ስልኳን ፍራሹ ላይ ጣለችው። ከምሳ በኋላ ነው። በዚህ ሙቀት የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ጋደም ይላል፤ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ግን የሚነቃው ያኔ ነው። ለሚኒስትሪ ፈተና መለማመጃ ብለው ነው የከፈቱት። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይለጠፋል፤ ቀድሞ የመለሰ የነገውን ያወጣል። ሕጉን የደነገገችው አድሚኗ ሳቢሪን ናት። አዲስ ሰው ያስገባ ተጠያቂ ነው፤ እንግዳው ካስቸገረ ያስገባው ራሱ ያስወጣዋል። እምቢ ካለ አብሮ ይወጣል።

እንግዳዋ ፋርሒያ ናት። ከገጠር፣ ከጀልዴሳ መጥታ መጋላ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር፣ ክፍል ውስጥ ከዱኒያ ጋር አንድ ዴስክ የምትጋራ ልጅ። ግሩፑ ውስጥ በገባች በሳምንቷ ጠመዷት። አንደኛ ነገር አትጽፍም፤ ሁሉንም በቮይስ ነው የምትልከው፣ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም ከአማርኛው ቀላቅላ። የአክስቷ ሕፃን ከኋላ ያለቅሳል። ልጆቹም «ዛሬ ሕፃኑ ምን መለሰ?» እያሉ ይስቁባታል። ሁለተኛ፣ ቃል ማለስለስ የሚባል ነገር አታውቅም።

ነገሩ የፈነዳው በሚክዳድ ነው። ሚክዳድ የሳቢሪን የአክስት ልጅ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ደፍሮ ያረመው ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ጥያቄ ስለ ውሃ ገንዳ ነበር። አንዱ ቧንቧ ብቻውን በሦስት ሰዓት፣ ሌላው ብቻውን በስድስት ሰዓት ይሞላዋል። ሁለቱም ቢከፈቱስ? ሚክዳድ አራት ሰዓት ተኩል ብሎ መለሰ። ጭብጨባው ሲዥጎደጎድ የፋርሒያ ቮይስ ገባ።

«ስህተት ነው። አንዱ ብቻውን በሦስት ሰዓት ከሞላው፣ አጋዥ ሲመጣለት እንዴት ይዘገያል? ሁለት ሰዓት ነው። አንተ ዋርያ፣ መጀመሪያ አስብ።»

ስለ ገንዳው የተከራከረ የለም። ሚክዳድ፣ ይቺ ገጠሬ ናት እኔን የምታስተምረኝ ብሎ ጻፈ፤ ሃያ ሰው ሳቀለት። እሷም ዝም አላለች፤ ገጠርም ገንዳ ይሞላል አለችው። ከዚያ ወዲያ ስድብ ብቻ ሆነ።

ዱኒያ ሌሎቹ የማያውቁትን ታውቃለች። ባለፈው፣ እባክሽ እንደ ሰው ጻፊ ብላ ስትለምናት ፋርሒያ ስልኳን አውጥታ አሳይታታለች። መስታወቱ ከወገቡ በታች ተሰነጣጥቋል። ፊደሎቹ ቢጫኗቸው አይሰሙም፤ የሚሠራው ጥግ ላይ ያለችው የድምፅ መቅጃዋ ብቻ ናት። ፋርሒያም ለማንም እንዳትናገር አስጠንቅቃታለች፤ በዚህም ይስቁብኛል ብላ።

ዱኒያ ስልኩን መልሳ አነሳችና የፋርሒያ መልስ እኮ ልክ ነው ብላ ለሳቢሪን ጻፈች።

«ስለ መልሱ ማን ጠየቀሽ? አቦ፣ ወይ እሷ ትውጣ ወይ ሁለታችሁም።»

ዱኒያ ሂሳብ አይገባትም። ያለ ግሩፑ ሚኒስትሪን የምታልፍ አይመስላትም። ሳቢሪን ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። የፋርሒያን ስም ነካች፤ «አስወግድ» የሚለውን ተጫነች። አለቀ። አንድ ሰው እንኳ ምነው አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ፋርሒያ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ግሩፑ ጠፋብኝ፣ ስልኬ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

«ኔትወርክ ነው» አለች ዱኒያ። «ለሁላችንም ጠፍቷል።»

«አልሐምዱሊላህ። ያባረሩኝ መስሎኝ ነበር።» ፋርሒያ ተቀመጠች። «ለሚክዳድ ያልኩት በዝቷል፣ አይደል? ሲመለስ ይቅርታ እለዋለሁ።»

ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ገንዳ ሣለች። በአንድ ሰዓት ይሄኛው ሲሶውን ይሞላል፣ ያኛው አንድ ስድስተኛውን፤ አብረው ስንቱን ሞሉ ማለት ነው ብላ እርሳሱን ለዱኒያ ሰጠቻት። ዱኒያ ደመረች። ግማሽ መጣ። ግማሹ በአንድ ሰዓት ከሆነ ሙሉው በሁለት። ገባት። ስድስት ወር ግሩፑ ውስጥ ተቀምጣ የአንዱን ጥያቄ መንገድ እንኳ እንዲህ ያስረዳት አልነበረም።

እርሳሱን አስቀመጠች።

«ኔትወርክ አይደለም» አለች። «ግሩፑ አልጠፋም። እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ።»

ፋርሒያ ቀና ብላ አየቻት። «ማስወጣቱስ ይሁን» አለች። «አሁን አጠገቤ ተቀምጠሽ ለሁላችንም ጠፍቷል ያልሽኝስ?»

ዱኒያ ሳቢሪን አስገድዳኝ ነው ልትል ነበር። ሰበቡ ራሷንም አሳፈራት፤ ተወችው።

ፋርሒያ ደብተሯን ከተተች። አልተቆጣችም፤ ተነሥታ ፊት ለፊት ማርቲ የምትባለው ልጅ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ዞራም አላየች።

ወዲያው ሳቢሪን ከኋላ መጣችና «ተገላገልሽ» ብላ እየሳቀች ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ልታኖር ስትል፣ ዱኒያ እጇን ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋች።

«ሰው አለው» አለቻት።