የጋሽ ታዲዮስ ፊት ለምን ቀላ?

አቶ ወልደ አማኑኤል በእድራቸው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አስከሬን ገንዘዋል። በሽታ ያከሳውንም፣ መኪና የገጨውንም፣ በእንቅልፉ የሄደውንም አጥበዋል፤ ስላዩት ነገር ግን ውጪ ወጥተው ተንፍሰው አያውቁም። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የጋሽ ታዲዮስን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው እንደገና አዩት። የሞተ ሰው ይገረጣል። የጋሽ ታዲዮስ ጠይም ፊት ግን ከንፈሩም፣ ድዱም፣ የጣታቸው ጥፍር ሥርም ሳይቀር ዳገት ሮጦ እንደ ወጣ ጎረምሳ ቀልቷል።

«ውሃ ጨምሩልኝ» ብለው ወጡና ከቤቱ ጀርባ ሆነው ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ። ስልኩን ሲዘጉ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆዩ። አምነው የሰጧቸውን ገመና አውጥተው የሸጡ መሰላቸው።

ሁለት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ብርቅዬ መሸሻ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በእግሯ መጣች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ግቢው ውስጥ የድንኳን ብረት እየተተከለ ነበር። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ። እንዴት ሆነው ነው?»

«ልቡ ነው ልጄ። ተኝቶ አደረ፤ ስቀሰቅሰው የለም።»

«ከአልጋው አልወረዱም?»

«አልወረደም።»

ብርቅዬ አጎንብሳ አልጋው ሥር አየች። ጥቁር ጫማ አለ፤ የተወለወለ። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ እንደ ተቋጠረ ነው።

«ጋሽ ታዲዮስ ጫማቸውን ማሰሪያውን ሳይፈቱ ነበር የሚያወልቁት?»

በሩ ላይ የቆመው ልጃቸው ኤልናታን ጣልቃ ገባ። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ ዓይኑ አብጧል።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴ ሐዘን ላይ ናት። ስለ ጫማ ነው የምትጠይቂያት?»

«አንተን ልጠይቅ እንግዲያው። መኪናው መቼ ነው መጨረሻ የተነሳው?»

«ትናንት ከሰዓት።»

መኪናው በግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ በር በሚዘጋ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ነው፤ ማለትም ሞተሩ አየርን በግድ እየተጋተ ከሌላው መኪና እጥፍ የሚጎትት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ብርቅዬ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ለብ ይላል። በሩን ስትከፍተው የቤንዚን ጭስ ሽታ ጉሮሮዋን ያዛት።

«ትናንት ከሰዓት ነው ያልከኝ?» አለች።

ኤልናታን መሬት መሬት አየ።

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ተጫነ። የፖሊሱ መኪና ከበሩ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው በሁለት ረድፍ ቆሞ አየው። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ጦር ኃይሎች ሰፈር ደረሰ። «ራሱን አጥፍቶ ነው አሉ።» የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተክለው ሥሩ ተቀመጡ፤ ድምፃቸውን ግን ቀነሱ። የቤቱ የንስሐ አባት ደግሞ ልጅ ልከው ጠየቁ፦ ነገሩ እውነት ከሆነ ፍትሐቱን እንዴት ሊያደርጉ ነው? ወይዘሮ ወለተጻድቅ ይህን ሲሰሙ ብርቅዬን እጇን ጨብጠው ያዟት።

«አዋረድሽኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆረበ ሰው፣ ያለ ፍትሐት እንደ ውሻ ሊቀበር ነው። ባትመጪ ምን ነበረበት?»

«እትዬ፣ የሐኪሙ ቃል ደርሶኛል። ፊታቸውን ያቀላውም፣ የገደላቸውም የመኪና ጭስ ነው። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔም እረዳዎታለሁ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ አስገብተው ነከሱ። የተናገረው ልጁ ነው።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ነኝ ያገኘሁት። ጋራዡ ዝግ ነው፣ ሞተሩ ይሠራል፣ አባዬ መሪው ላይ ተደፍቷል። ሞተሩን አጠፋሁ። እማዬን ጠራሁ። ተሸክመን አስገባነው፣ ፒጃማ አለበስነው። ራሱን… እንዲያ ያደረገ መሰለን።»

«ለምን መሰላችሁ?»

«ሰኞ ማታ ተጣልተን ነበር። ቅዳሜ የጓደኛዬ ሠርግ ላይ መኪናውን ይዤ ሙሽራ አጅቤ ነበር፤ እየጮኸ፣ እየተሽቀዳደምኩ። እድር ላይ ነገሩት። "አንገቴን አስደፋኸኝ፣ ከዚህስ ሞት ይሻለኛል" አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው።»

«የግቢው ትልቁ በርስ? ስታገኛቸው ዝግ ነበር?»

«ክፍት ነበር። ሁለቱም ክንፍ። ድንጋይ ተደግፎ።»

ብርቅዬ ማስታወሻዋን ዘግታ ወጣች።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ዘመነች አራስ ናት። ሕፃኑን ታቅፋ በሩን ከፈተችና ፖሊስ መሆኗን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ነኝ አይደል? በኔ ነው አይደል?»

«ምኑ ነው በአንቺ?»

«ሰኞ ጠዋት ያ መኪና ሲነሳ ልጄ ደንግጦ ትንፋሹ ሊቆም ነበር። ድሮ እንዲያ አይጮህም። ማታ አጥሩ ጋ ሲመጡ ነገርኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ተቆጡሽ?»

«ኧረ እሳቸው! "ይቅርታ ልጄ፣ ነገ የጋራዡን በር ዘግቼ ነው የማሞቀው፤ ድምፁ አይሰማሽም" አሉኝ። "ጋሼ ጭሱስ?" ብላቸው፣ "ኤልናታን አዲስ ማጣሪያ አስገጥሞልኛል፣ አሁን ጭስ የሚባል የለውም" ብለው ሳቁ።»

ብርቅዬ ሕፃኑን ትንሽ አየችው። ተኝቷል።

ከዚያ ተመልሳ ከመኪናው ሥር ገባች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ወጣችና ልብሷን እያራገፈች ወደ ማዞሪያው ሄደች። መኪናውን የሠራው ሞቲ የሚባለው መካኒክ በራሱ ጋራዥ በር ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እህት፣ መኪና ይዘሽ መጣሽ ወይስ ጥያቄ?»

«ጥያቄ ነው። ዘይት አይፈልግም።»

«እሱን በነፃ እንሠራለን።»

«የጋሽ ታዲዮስን መኪና ምን አደረግክለት?»

ሳቁ ጠፋ። «ካታሊቲኩ፣ የጭስ ማጣሪያው፣ ተደፍኖበት ነበር። የቤቴል ዳገት ላይ ባጃጅ ቀደመው፣ ሰው ሳቀበት። አዲስ ገጠምኩለት።»

«አሮጌውስ?»

«ተጣለ። እስካሁን ቆሼ ደርሶ ይሆናል።»

«ሞቲ፣ አባቴ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ሲሸጥ ነው ያደግኩት። ውስጡ ውድ ማዕድን ስላለ፣ ያንን ዕቃ በአዲስ አበባ ውስጥ የሚጥል ጋራዥ እስካሁን አላየሁም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት እንገናኝ።»

በማግስቱ የሳሎኑ በር ተዘጋ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ኤልናታን፣ ሞቲ፣ ሕፃኑን ያቀፈችው ዘመነች፣ አቶ ወልደ አማኑኤልም በር አጠገብ። አንዳቸውም ሌላውን አያይም። እያንዳንዱ የራሱን እፍረት እንደ ተሰረቀ ዕቃ ከልብሱ ሥር ደብቆ የተቀመጠ ይመስላል። ከውጪ፣ ከድንኳኑ፣ የሚያስሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

ብርቅዬ ቆማ ጀመረች።

«ጋሽ ታዲዮስ አልጋቸው ላይ አልሞቱም። ጫማቸውን አስረው፣ መኪናቸው ውስጥ ነው የሞቱት። ይህን ቤተሰቡ ነግሮኛል፤ ለምን እንደ ደበቁትም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው የግቢውን ትልቅ በር በሁለት ክንፉ ከፍቶ፣ እንዳይዘጋበት ድንጋይ አስደግፎ ይመለሳል? ያን የሚያደርገው ከደቂቃዎች በኋላ የሚወጣ ሰው ነው።»

«ታዲያ ጋራዡን ለምን ዘጋ?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

ዘመነች አንገቷን ደፋች። ብርቅዬ ወደ እሷ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አራስ እንዳይረብሹ። ማታ አጥር ላይ ቃል ገብተውላት ነበር። ትሰሚኛለሽ ዘመነች? አንቺ ድምፁ በዛ ነው ያልሽው። ያልሽውም እውነት ነበር። እኔን የገረመኝ፣ ድሮ የማይጮህ መኪና ለምን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጮኸ? አዲስ ማጣሪያ የገባለት መኪና ጸጥ ይላል እንጂ አይጮህም።»

ሞቲ በአውራ ጣቱ የሌላ እጁን ዘይት መፋቅ ጀመረ።

«ከሥሩ ገባሁ። ማጣሪያው አዲስ አይደለም፤ ቅርፊቱ የዛገ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን ትኩስ ብየዳ አለ። በቁልፍ ስመታው እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀፎ መኖር ነበረበት፤ መርዙን ጭስ የሚያነጻው እሱ ነው። እንዲህ በሱፐርቻርጀር የሚጋት ሞተር ነዳጁ ሲበዛበት፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ እዚያ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፤ ቀፎው ይቀልጥና ይደፈናል። መኪናው ዳገት እምቢ ያለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሞተሩን አስተካክሎ ማጣሪያውን መለወጥ ነበር። እዚህ ግን ሆዱ ተቀዶ፣ ቀፎው ወጥቶ፣ ባዶው ቅርፊት መልሶ ተበየደ። ስለዚህ መኪናው ጎተተ። ስለዚህ ጮኸ። ስለዚህ መርዙ ሳይነካ ወጣ።»

«ብዙ ሰው እንዲህ ያሠራል» አለ ሞቲ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ያሠራል። አንተ ግን አንድ ሥራ ጨምረሃል። ማጣሪያው ባዶ ሲሆን ጭሱን የሚለካው ሴንሰር ያውቃል፤ መሪው ፊት ቢጫ መብራት ያበራል። አንተ ከሴንሰሩ ሥር ትንሽ ብረት አስገብተህ ጭሱ እንዳይደርሰው አደረግክ፤ መብራቱ ጠፋ። ሞቲ፣ ያ መብራት ማንን ነው የሚያናግረው?»

«የሚነዳውን።»

«የሚነዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አባትየው ራሳቸው አዝዘው ቢሆን ኖሮ እሳቸውን ማታለል ምን ያስፈልግ ነበር? ደግሞም ለዘመነች "አዲስ ነው" ብለዋታል፤ አምነዋል። እንግዲያው መብራቱ የጠፋው ጋሽ ታዲዮስ እንዳያዩት ነው። ማን አዘዘህ?»

ሞቲ ወደ ኤልናታን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ ኤልናታን።

እናቱ ቀና አሉ።

«"አዲስ አስገባ፤ ቆርጦ መጣል አልፈልግም፣ የሰፈር ልጆች ነው የሚተነፍሱት" ብሎኝ ነበር። አዲሱ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው አሉኝ። ሠርጉ ቅዳሜ ነበረ። ሁሉም ሰው መኪናውን እንደማመጣ ያውቃል… አፈርኩ። ሞቲን ለመንኩት። ለአባዬ አዲስ ነው አልኩት። ለምን ይጮኻል ሲለኝ፣ ሲሟሽ ይቀንሳል አልኩት።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አመነኝ።»

«ዝግ ጋራዥ ውስጥ ደህና መኪና ማሞቅም አደጋ ነው» አለች ብርቅዬ። «እሳቸው ግን ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ እስከ ትናንት አንድ ቀን ዘግተው አሙቀው አያውቁም። በሩን ያስዘጋቸው ያ ድምፅ ነው፤ ያላስፈራቸው ደግሞ ያ ውሸት። ሁለቱም ከአንድ ቦታ መጡ።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጃቸው ላይ ይጮኻሉ ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሳቸው ግን ግድግዳውን እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፦

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጎኑ ተኛሁ። የሚያምነውን፣ የሚፈራውን አውቃለሁ። በአንዲት ቃል ግን ራሱን አጠፋ ብዬ አመንኩ። ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተጠራጠርኩም። ተሸክሜ ስደብቀው… አፍሬበት ነበር። በሱ!»

አቶ ወልደ አማኑኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ቆይተው ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ብርቅዬ ዞሩ። «ልጄ፣ ለቄሱ የመኪና አደጋ ነው እንበላቸው። ይበቃል። ሰው ሁሉ የልጄን ስም ማንሳት የለበትም። አንዱን ቀብሬ ሌላውን ልጣል?»

«በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው እትዬ፤ እኔ የምጽፈው ይሄንኑ ነው። ሁለቱም፣ እሱም ሞቲም፣ ከኔ ጋር ይሄዳሉ። ድንኳኑ ውስጥ የሚባለው ግን የቤቱ ጉዳይ ነው። እዚያ አልገባም።»

ኤልናታን ተነሳ።

«"አደጋ ነው" ብንል "ራሱን ማጥፋቱን ሊሸፍኑለት ነው" ይላሉ እማዬ። ዕድሜ ልካችንን ሲሉት ይኖራሉ።»

«ተቀመጥ!»

«ወደ ዘመነችም ይጠቁማሉ። አጥር ላይ ሲያወሩ ያያቸው ሰው አለ።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የንስሐ አባታቸውም ከእድሩ ሽማግሌዎች መሐል ናቸው። ለዋናው ሐዘንተኛ የተተወው ቦታ ባዶ ነበር፤ ሰዎቹ እንዲያልፍ እግራቸውን ሰበሰቡ። አልተቀመጠም። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን አስቀመጡ።

«አባቴ ራሱን አላጠፋም» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ እንደገና ጀመረ። «ዋሽቼው ነው የሞተው። እንዴት እንደ ዋሸሁት ልንገራችሁ፤ ከዚያ እሱን በክብር ቅበሩልኝ።»

ሞቲ ሳይጠራ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ብርቅዬ ከድንኳኑ ውጪ፣ እሱ ከማያያት ቦታ ሆና፣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።