አናት ላይ ያለ ወዴት ይወጣል

የእግር ኳስ ክለቡ ጠንቋይ ከብረት ማማው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የርቀት መነጽር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረት ኪሱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ማማው ከልምምድ ሜዳው ዳር የቆመ፣ ሃያ ስምንት ደረጃ ያለው፣ አናቱ ላይ ለሁለት ሰው የምትበቃ ወለል ያለችው ነው። መጀመሪያ ያየው ሣር አጫጁ ሲሆን፣ ያኔ ልምምዱ ገና አልተጀመረም ነበር።

ጠንቋይ ያሉት ተጫዋቾቹ ናቸው እንጂ ሰውየው ጠጠር የሚጥል አልነበረም። ሥራው ቁጥር መልቀም ነው። በየዓመቱ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከሠላሳ ተጫዋቾች መካከል በመጪው ዓመት ከሁሉ ይበልጥ የሚሻሻሉትን ሦስት ይመርጥና በመጀመሪያው የልምምድ ቀን በሁሉም ፊት ያነብባል። ዋናው አሰልጣኝም ለሦስቱ ቦታ ይከፍትላቸዋል። በአምስት ዓመት ከጠራቸው አስራ አምስት ሰዎች አስራ ሁለቱ እንዳለው ሆነዋል። ስድስተኛው ዝርዝር የሚነበበው ዛሬ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ረዳት አሰልጣኙን ይዘው አንዲት ጠባብ ክፍል አስገብተውታል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው።

«ጠዋት ማማው ላይ ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል» አላት የክለቡ ሥራ አስኪያጅ። «ቅናቱንም ያልሰማ የለም። ነገሩ ያለቀለት ይመስለኛል።»

«ያለቀለት ነገር ላይ እኔን ምን አስጠራኝ?» አለችና የሟቹን ወረቀት ማንም ሳይከፍተው ከፖሊሱ ተቀበለች። ለብቻዋ ፈታ አየችው። በማተሚያ የወጡ ሦስት የመለያ ቁጥሮች ናቸው፦ ዘጠኝ፣ አራት፣ አስራ አንድ። መልሳ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለማንም አላሳየችም።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። በጥድፊያ ነው የወጡት፤ አንዱ እግራቸው ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ጫማ አጥልቋል። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ናቸው።

«ልጄ» አሏት፣ «ያሉኝ ሁለት ናቸው። ሌላ የለኝም። አንዱን ቀብሬ አንዱን ላሳስር ነው?»

«እማማ፣ ይቀናበት ነበር ይባላል።»

«ይቀና ነበር፤ አልዋሽሽም። ለታላቁ ደብተር ተገዝቶ ለታናሹ ካልተገዛ እንቅልፍ አልነበረንም። ግን ቅናቱ አፉ ላይ ነው፤ እጁ ላይ ደርሶ አያውቅም።»

 መርማሪዋም ሁለት ልጆች አሏት። ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች።

ረዳት አሰልጣኙ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

«ጠዋት ምን ተባባላችሁ?»

«አምስት ዓመት ሙሉ እኔም በድብቅ የራሴን ዝርዝር ሳወጣ ነበር» አላት። «አንድ ቀን ልበልጠው። ዛሬ ደፍሬ አሳየሁት። አየውና ሳቀ፤ ሁለቱን አግኝተሃል አለኝ። ሁልጊዜ አንተ ብቻ ነህ አዋቂው ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወርጄ ጀርባዬን ለማማው ሰጥቼ ሜዳው መሀል የልምምድ ኮን መደርደር ጀመርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ኮኖቹ።»

ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። አስራ ሰባት፣ ስድስት፣ ሃያ ይላል።

«ዘጠኝ ቁጥር የለበትም?» አለች መርማሪዋ። «እኔ እንኳ ከኳስ ጋር አንተዋወቅም፤ ግን እሱ ነው ግብ አግቢው ሲሉ እሰማለሁ።»

ሰውየው በዚያ ሐዘኑ መሀል ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ዘጠኝ ቁጥር ካቻምና ሰባት አገባ፣ አምና ሃያ አንድ። አናት ላይ ያለ ወዴት ይወጣል? የሚሻሻል ማለት ጎበዝ ማለት አይደለም። ወንድሜ የሚፈልገው ጥሩ ቦታ እየደረሰ ዕድል የከዳውን ነው። አስራ ሰባት ቁጥር አምና ዘጠኝ ጊዜ የግቡን ብረት መትቷል። ብረቱ ዘንድሮም እንደዚያ አይጠላውም።»

«ወንድምህ የርቀት መነጽር ይወድ ነበር?»

«እሱ? ማማው ላይ አንድ የጋራ አለ፤ ነክቶት አያውቅም። መነጽር የሚያሳየው ኳስ የያዘውን ብቻ ነው ይላል። ወንድሜ የሚያየው ኳስ ያልያዙትን ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በባዶ ዓይኑ።» ራሱን አረመ፦ «ይል ነበር ማለቴ ነው።»

ዘጠኝ ቁጥር የተገኘው ሕክምና ክፍል ነው። ተጫዋቾቹ መድፉ ይሉታል። መድፉ ግን ያን ሰዓት አንድ እግሩን በረዶ ባልዲ ውስጥ ነክሮ እንደ ሕፃን ፊቱን አጨማዷል።

«ዘንድሮ ትወርዳለህ ብሎኛል፣ እትዬ» አላት። «ተናደድኩ። ከዚያ ቪዲዮውን አሳየኝ። ከሃያ አንዱ ሰባቱ የተከላካይ እግር ገጭተው የገቡ ናቸው። ተከላካዮቹን ለምን አላመሰገንኩም ብዬ አፈርኩ።»

«ዝርዝሩ ላይ አንተ አንደኛ ብትሆንስ?»

«ሊያሾፍብኝ ነው እላለሁ።» እግሩን በረዶው ውስጥ እያንቀሳቀሰ፣ «አስራ ሰባት ቁጥር ግን ያስቀናኛል። ተጠባባቂ ነው፤ ግን እኔ ኳስ ስጠብቅ እሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀኛል።»

«እሱ ዛሬ የት ነው?» አለችው።

«ከሌሎቹ ጋር አውቶቡስ ውስጥ። አሁን ነው የደረሱት።»

እግሩን የምታክመው ፊዚዮቴራፒስቷም «ጠዋት ከገባ ጀምሮ እግሩ ከእጄ አልወጣም» አለች። «ሲጮህ ያልሰማ ካለ ጆሮው ይታይለት።»

የቀረው መልማዩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ተጫዋች ሲመርጥ የኖረ፣ ንስር የሚባል ሽማግሌ። የቢሮው ግድግዳ ባገኛቸው ልጆች ፎቶ ተሸፍኗል፤ ከመሀላቸው ትልቁ የዘጠኝ ቁጥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ቆዳው የተላላጠ የርቀት መነጽር ተቀምጧል።

«ይቺን ሳልይዝ ማማ ወጥቼ አላውቅም» አላት ስታየው አይቶ። «ያለዚህ ጨዋታ አየሁ የሚል ዕውር ነው።»

«ጋሼ፣ ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ሰላም ነበርን። ድሮ ማን ያድጋል ሲባል ወደ እኔ ይዞሩ ነበር፤ አሁን ወደ እሱ ኮምፒውተር። ምን ይደረጋል፣ ዘመኑ ነው። ያንን አስራ ሰባት ቁጥር እኔ ለክለቡ አይሆንም ብዬ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ በአራተኛው እሱ አስገባው።»

«እንግዲህ አይቆጡኝ» አለች መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሥራ አስኪያጁ የእርስዎ ዓይን ደክሟል ይላሉ። እርስዎ ቢጠየቁ የትኞቹን ሦስት ይሉ ነበር?»

የሽማግሌው አንገት ደም ሥር ተገተረ። «ዘጠኝ፣ አራት፣ አስራ አንድ። ጻፊው። ዓመቱ ሲያልቅ ማን እንደደከመ ይታያል።»

ጻፈችው። ከዚያ ሁሉንም መልበሻ ክፍል አስጠራች። ሥራ አስኪያጁ፣ መድፉ፣ ንስር፣ በካቴና ያለው ረዳት አሰልጣኝ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይም እናትየው ተቀመጡ።

«እዚህ የተቀመጥነው ሁላችን ቀንተን እናውቃለን» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስለዚህ ማን ቀና ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ቅናቱ ማንን ምን አስተማረው ብዬ ነው። ሟቹ አንገት ላይ የርቀት መነጽር ነበር። ሜዳው ባዶ ነው፤ ኮን ከሚደረድር ወንድሙ በቀር የሚታይ የለም። ሟቹ ደግሞ መነጽር አይነካም። ስለዚህ ሲያይ የወደቀ እንዲመስል ሌላ ሰው ነው ያጠለቀለት፤ ያለ መነጽር ማማ ላይ መቆም የማይታሰበው ሰው።»

ንስር ሣቅ አለ። «መነጽር የሚወድ ሁሉ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሟቹ ኪስ ውስጥ የነበረው ላይ ዘጠኝ ቁጥር አንደኛ ነው።»

መድፉ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አለ።

«ልክ አይደለም። አምና ሃያ አንድ ያገባን ሰው ሟቹ ይሻሻላል አይልም፤ ወረቀቱ ተለውጧል። ይህን ስህተት ወንድሙ አይሠራም፤ ሊበልጠው ሲል ሥራውን እንደ ፊደል ሸምድዶታል። እናንተ ያሳሰራችሁት ቅናቱን አይታችሁ ነው፤ ያዳነውም ያው ቅናቱ ነው። መድፉም አይሠራውም፤ ቪዲዮውን አይቷል፣ ጠዋቱንም ባልዲ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ከእኔ በቀር ያየው የለም። ጋሼ ግን ሦስቱንም ቁጥር በቅደም ተከተላቸው ነገሩኝ።»

«ሦስት ቁጥር ገጠመ ተብሎ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። እውነተኛው ዝርዝር ያስፈልገኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዶ ይጥለው ነበር። እርስዎ ግን ሟቹ ሲሳሳት ሳያዩ አያርፉም። ዓመቱን ሙሉ ከውጤቱ ጋር ሊያስተያዩት ነው። እላይዎ ላይ ነው ያለው።»

 የሽማግሌው እጅ ራሱ ሳያዝዘው ወደ ጃኬቱ ውስጥ ሄደ። ሁሉም አዩት። እሱም መታየቱን አየ። ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣት፦ አስራ ሰባት፣ ስድስት፣ ሁለት።

«ሁለቱን አግኝተሃል ብሎት ነበር» አለች መርማሪዋ ወደ ረዳት አሰልጣኙ እያየች። «እውነቱን ነው።»

«ታናሹ ሲወርድ ጠብቄ ወጣሁ» አለ ንስር። «የእኔንም አብረህ አንብብልኝ ልለው ነው የወጣሁት፤ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ልለምነው። አየውና፣ ጋሼ ይህ እኮ የጎበዞች ዝርዝር ነው፣ የሚሻሻሉት አይደለም አለኝ። በትህትና። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጄ ቀደመኝ፤ ገፋሁት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከረዳት አሰልጣኙ እጅ ፈትቶ በንስር እጅ ላይ አሰረ። የተፈታው አንጓውን እያሻሸ ከእናቱ ፊት ቆመ። እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የሚመቱትም የሚያቅፉትም መሰሉ።

«አሁን ማንን ልትበልጥ ነው?» አሉት።

ዓይኑ የእናቱ ሁለት ዓይነት ጫማ ላይ አረፈ።

«ተወው። ና ደግፈኝ፣ ወንድምህን እናንሳ።»

ክንዳቸውን ያዘ። በሩ ጋ ሲደርሱ ታላቅ ወንድሙን ሊያስቀድም እንደ ልማዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ከፊቱ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።