ዛሬ ስንት ነው?

«ምንም አልተገኘም» ይላል ስክሪኑ።

ሰርካለም ቃሉን አጠፋችና እንደገና ጻፈችው፤ «ኮኪት»። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ትንሽ ዞራ ቆመች። ምንም አልተገኘም።

«አሥር ጊዜ ብትጽፊው አያዝንልሽም» አለች ሐቢባ ከኋላዋ ቆማ። «ተነሺ፣ ወንበሩን ልቀቂልኝ።»

ሐቢባ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትማር ጓደኛዋ ናት። አጎቷ መተማ ዮሐንስ ላይ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ክረምት ክረምት እሱ ሱቅ ስለምትውል ስለ ማሽን ስታወራ እንደ ትልቅ ሰው ያደርጋታል።

ኮምፒውተሩ የሰርካለም አባት የባየልኝ ነበር። ባየልኝ ኮኪት አጠገብ የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ ይመራ ነበር። ሳምንቱን ማሳ ላይ ውሎ ቅዳሜ ቤታቸው ወዳለበት ገንዳ ውሃ ከተማ ሲገባ፣ ጎንደር ላለው ቢሮ በኢሜይል ሪፖርት ያዘጋጃል። መጻፍ ስለሚሰለቸው ሪፖርቱን በድምፅ ነበር የሚያቀርበው። ማሳው መሀል ቆሞ ስልኩ ላይ ይቀዳና ቤት ሲመጣ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጠዋል። ከድምፁ ኋላ ነፋሱና ትራክተሩ፣ አንዳንዴም ከደጋ ለአጨዳ የመጡት ሠራተኞች ሳቅ ይሰማ ነበር።

ባየልኝ ካረፈ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ስልኩ፣ ታሞ ወደ ጎንደር ሲወሰድ መንገድ ላይ ጠፋ። እናቷ አየሁሽ ከለቅሶው በኋላ አንድ ቀን ብቻዋን ኮምፒውተሩን ከፍታ ድምፁን ፈልጋ ነበር። ምንም አልተገኘም አላት። ከዚያ በኋላ ማሽኑን በጠረጴዛ ልብስ ሸፈነችው፤ ስለ ድምፁም አላነሳችም። ዛሬ ጠዋት ግን ወደ ገበያ ስትወጣ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ «ጎረቤታችን አቶ እንዳለው ኮምፒውተሩን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ሊወስደው ነው፤ ከሰዓት በባጃጅ ይመጣል። ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚሠራበት። የምትፈልጊው ፎቶ ካለ አውጪ» አለቻት።

ሰርካለም የምትፈልገው ፎቶ አልነበረም።

«መጀመሪያ የጠፋው ድምፁ ነው ወይስ ፍለጋው ነው የተበላሸው? እሱን እንለይ» አለች ሐቢባ። «ያ ከላይ ያለው መልእክት ምን ይላል?»

«የከረጢት ርክክብ።»

ሐቢባ «ከረጢት» ብላ ፈለገች። ምንም አልተገኘም።

«አየሽ? አፍንጫው ስር ያለውን አያይም። የታመመው ፍለጋው ነው።» እጆቿን አፋተገች። «ፕሮግራሙ ቃላቱን የሚመዘግብበት ማውጫ አለው። ስትፈልጊ የሚያየው እሱን ነው። መብራት ሲመጣ ሲሄድ ተበላሽቷል። እናጥፋውና እንደ አዲስ ይሥራው።»

«እናጥፋው? መልእክቶቹ አብረው ቢሄዱስ?»

«ማውጫውን ብቻ ነው አቦ። የታሪክ መጽሐፍሽን ማውጫ ብትገነጥዪው ታሪኩ ይጠፋል?»

«አንቺማ ፈተና ላይ ሁሉም ጠፍቶብሽ ነበር።»

«ወላሂ፣ ትቼሽ እሄዳለሁ» አለች ሐቢባ፤ ግን አልተነሳችም።

ማውጫው እስኪሠራ ጠበቁ። የጣሪያው ቆርቆሮ ግሏል፤ ቬንትሌተሩ ሞቃቱን አየር ከአንዱ ወደ ሌላው ይገፋል። ሰርካለም አቧራውን ልታራግፍ ኪቦርዱን ገለበጠችው። ከቁልፎቹ መሀል የሰሊጥ ፍሬዎች ጠረጴዛው ላይ ረገፉ። አባቷ ከማሳ ሲመጣ ከእጅጌው ጠርዝ የሚወድቁት ነበሩ። እናቷ «ቤቱን አውድማ አደረግኸው» ትለው ነበር። ሰርካለም ፍሬዎቹን በጣቷ ሰብስባ ጠረጴዛው ጥግ አኖረቻቸው።

ማውጫው ሲያልቅ «ከረጢት» ተገኘ። «ኮኪት»ም ከገቢ መልእክቶቹ ብዙ አመጣ፤ ከቢሮ የተጻፈ፣ ስለ ትራክተር መለዋወጫ፣ ስለ ነዳጅ። ድምፅ ግን አልነበረም።

«ማሽኑን መቼ ነው የገዛው?» አለች ሐቢባ።

«አራተኛ ክፍል ስጨርስ። ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት።»

«በፈረንጅ ሃያ ሃያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ፣ የድምፅ ፋይል የተያያዘበትን፣ ከሁሉም ፎልደር እንዲያመጣ እናዘዋለን። ሁሉንም ካልነው ይደነዝዛል።»

አዘዘችው። ባዶ።

ሐቢባ ወንበሩ ላይ ተለጠጠች። «ኸላስ፣ የለም ማለት ነው። አባትሽ ከላከ በኋላ ያጠፋቸው ይሆናል።»

በዚህ መሀል መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ እየዘገየ ቆመ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጮኸና ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ ቀንና ዓመት እንዲሞላለት ጠየቀ።

«የውስጥ ባትሪው ሞቷል» አለች ሐቢባ። «መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ድሮም እንዲህ ነበር?»

ድሮም እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ይህን ጥቁር ስክሪን ይከፍታል። እሷ ክንዱ ስር ትገባለች፤ ቁጥሮቹን መንካት የእሷ ሥራ ነበር። እሱ ወደ ወጥ ቤት ይጣራል።

«አየሁ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ጥቅምት ዘጠኝ።»

«ዓመቱስ?»

«ዓመቱም ጠፋህ?» ትላለች እናቷ እየሳቀች፤ ቢሆንም ትነግረዋለች። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ልክ ከጭንቅላቱ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ቀና ቢል ያየዋል። ቀና ብሎ አያውቅም።

ሐቢባ ቀኑን ሞልታ ነበር፤ ማሽኑ መነሳት ጀምሯል።

«ሐቢባ፣ ከስንት ጀምሮ ፈልግ ነው ያልሽው?»

«ሃያ ሃያ አልኩሽ እኮ።»

«እኛ የምንሞላለት የራሳችንን ቀን ነበር። እናቴ የምትነግረንን።» ሰርካለም ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «ይህ ማሽን ያን ጊዜ ሃያ ሃያ አንድ መሆኑን አያውቅም። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው የሚመስለው።»

ሐቢባ ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «እናንተ ሰዎች፣ ማሽኑን በስምንት ዓመት ልጅ አድርጋችሁት ኖሯል። በይ ያላ፣ ዓመቱን እናንሳው።»

ገደቡን አነሳችው። ዝርዝሩ ዘገየና ወረደ። ሳይላኩ የቀሩ መልእክቶች ፎልደር ውስጥ ተደርድረው ነበር፤ ኮኪት፣ ኮኪት፣ ኮኪት። በእያንዳንዳቸው ላይ የድምፅ ፋይል ተያይዟል።

«ቀኑ የተሳሳተ መልእክት ሊወጣ ሲል የሚልከው ሰርቨር በሩን አይከፍትም» አለች ሐቢባ ቀስ ብላ። «አንዱም አልሄደም።»

«እሱ ኔትወርኩን ይራገም ነበር። በኋላ ስልክ ደውሎ ይነግራቸዋል።»

ውጭ የቆርቆሮው በር ተከፈተ። እናቷ ዘንቢሏን ወጥ ቤት ስታስቀምጥ፣ ቀጥሎም ውሃ ስትቀዳ ተሰማ። ሐቢባ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፍላሼ ላይ ልገልብጥልሽ። ማታ በኢርፎን ትሰሚዋለሽ። ማሽኑም ይሂድ፤ እትዬ አየሁሽም አይረበሹ።»

«ገልብጪው» አለች ሰርካለም።

ሐቢባ እስክትገለብጥ ሰርካለም ግድግዳውን ታይ ነበር። ቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበት ምስማር ብቻ ቀርቷል። እናቷ አባቷን በስሙ ከጠራች ቆይታለች። ይህን ነገር ሳትሰማ ብታልፈው ምንም አይጎድልባት ይሆናል። ደግሞም ጠዋት፣ ስለ ፎቶ ስታወራ፣ ፊቷን አላሳየቻትም።

ሐቢባ ፍላሹን ነቅላ ሰጠቻት። ሰርካለም ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ መዘዘችው።

«አበድሽ እንዴ? ይሠራ የነበረውን?»

ሰርካለም መልሳ ሰካችውና ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ ጮኸ። ጥቁሩ ስክሪን በነጭ ጽሑፍ ጠየቀ። ሐቢባ ስክሪኑን አየች፣ ጓደኛዋንም አየች፤ ከዚያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

«እማ» አለች ሰርካለም ወደ ወጥ ቤት። «ዛሬ ስንት ነው?»

የሚቀዳው ውሃ ቆመ።

ሰርካለም ጣቶቿን ቁጥሮቹ ላይ አድርጋ ጠበቀች። መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ።

«ሰኔ ሃያ አራት» አለ የእናቷ ድምፅ።

ሰርካለም ሞላችው።

«ዓመቱስ?»

የእናቷ ነጠላ ጫማ በሲሚንቶው ላይ ቀስ እያለ ወደ ክፍሉ ሲቀርብ ሰማች። ሳትዞር ሁለተኛውን ወንበር በእግሯ ሳበችና ከጎኗ አስጠጋችው።