ጫማ ሰፊው ወታደር

ያላመነ አይመን። እኔ ግን በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። 1962 ዓ.ም፣ ቡታጅራ፣ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ።

ሰይዶ እባላለሁ። ዋንዛ ላይ ስዕል ቀርጬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀት ላይ አትማለሁ። መምህር ሸዋንግዛው አንድ የጥንት የፈረንጅ ኅትመት አመጡና "ይህንን ቅዳልኝ" አሉኝ። ስዕሉ ላይ ወታደሮች ሰፈራቸው ውስጥ ናቸው። አንዱ ወጥ ያማስላል፣ አንዱ ጫማውን ይሰፋል።

እኔ ነገረኛው፣ ለወታደሮቹ የራሳችንን ልጆች መልክ ሰጠኋቸው። ወጥ የሚያማስለው የጎረቤታችን ልጅ ከማሉ፣ ጫማ የሚሰፋው ታናሽ ወንድሜ አብዶ። ሁለቱም ጠረፍ ላይ ወታደሮች ነበሩ።

የመጀመሪያውን አተምኩ።

ከከማሉ ኋላ አንድ ሰው ቆሟል... እጁ ትከሻው ላይ ነው።

እኔ አልቀረጽኩትም። እንጨቱን በጣቴ ዳሰስኩ። የለም።

በሦስተኛው ቀን የከማሉ መርዶ መጣ።

ሁለተኛውን አተምኩ። ሰውዬው አሁን አብዶ ኋላ ነው። እጁን አንስቷል... ገና አላሳረፈም።

እንጨት አንዴ ከተፈለፈለ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ግን ወንድሜ ነው። ስዕሉ ላይ ከሌለ አያገኘውም ብዬ መሮዬን አነሳሁና አብዶን ፈልፍዬ አወጣሁት።

እንደገና አተምኩ።

የአብዶ ቦታ ባዶ አልነበረም። ሰውዬው እዚያ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል።

ያን ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ።

"አሰላሙ አለይኩም።"

የአብዶ ድምፅ ነው። በሕይወት አለ! እናቴ ዘይባ ሮጣ ከፈተች።

ሁለት ወታደሮች ነበሩ። አብዶ ከፊት... ያ ሰው ከኋላ።

እናቴ አብዶን በክንዷ ገፋ አድርጋ አለፈችው። ያኛውን አቅፋ "አብዶዬ... መጣህልኝ?" እያለች አለቀሰች።

"እማ... እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ።

"ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" አለች።

ሰውዬው እጁን ከእናቴ ትከሻ በላይ አነሳ። አላሳረፈም። እኔን እያየ ነው።

"ሰይዶ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ታውቀዋለህ?"

አብዶም አየኝ። ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል።

"አላውቀውም" አልኩ።

ሰውዬው እናቴን ሳይነካ እጁን ወደ ጎኑ አወረደ። ወንድሜ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ሰውዬው ገብቶ አብዶ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ።

እናቴ መርፌና ክር ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች።