ሆራው ዳር የሰማሁት ፉጨት

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ዝናሽ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ወንዝ ዳር ጂን አየን፣ ገደል ሥር ስማችን ተጠራ ሲሉ «የራበው ጆሮ ነው የሚጠራችሁ» ብዬ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ይህን ነገር ለዓመታት አፌን ይዤ የኖርኩትም ስቄ የኖርኩትን ያህል እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ነው። ዛሬ ግን ልናገር።

ጊዜው በደርግ ነው፣ ከክፉው ድርቅ ወዲህ። ከኩልመስክ ቁልቁል ሲወረድ አንድ ጨዋማ ሐይቅ አለ፣ እኛ ሆራ እንለዋለን፣ የሁለት ወረዳ ከብት እየተነዳ መጥቶ ይጠጣው ነበር፣ ሆራ የጠጣ በሬ ቆዳው ያበራል፣ ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ታዲያ የላይኛው ወረዳ ሰዎች ወደ ሆራው የሚወርደውን ምንጭ ለመስኖ ጠለፉት፣ ዝናቡም ቀረ፣ ውሃው እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ ዳሩ ነጭ ጨው ብቻ ሆነ።

በዚያው ዓመት ሁለቱ በሬዎቻችን ቦራና ዳልቻ አለቁብን፣ ባሌ ካሳውም ለሰፈራ ተመዘገበ። እኔ እናቴ ላሊበላ ታማ ስለነበረች ቀረሁ። ጋሸና ላይ መኪና ሲሳፈር እጄን ይዞ «ዝናሽ፣ ሆራው ከተመለሰ ቤት አለኝ ማለት ነው፣ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለ፣ ያየው ሰውም የለ።

እኛ አገር በሬ ሲጠጣ ይፏጭለታል፣ ካልተፏጨለት አፉን ነከር አድርጎ ቀና ይላል እንጂ አይጠግብም፣ የየቤቱ ፉጨትም የተለያየ ነው። የካሳው ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንድ ጊዜ ሰበር የምትል ነበረች፣ በሬዎቹ ጠግበው ራሳቸውን ካላነሱ ደግሞ አያቋርጣትም። እኔ ምሳ ይዤ መጥቼ ከማዶ ስጣራ ይቆጣ ነበር፣ «በሬ ሲጠጣ አትጥሪኝ፣ ይደነብርብኛል፣ ከፈለግሽ አፏጪልኝ!» እያለ ይስቅብኛል፣ ሴት እንደማታፏጭ እያወቀ።

በሦስተኛው ዓመት ሁለቱ ወረዳዎች ተስማሙ። ስንት ስብሰባ፣ ስንት መፈክር አልፎ በመጨረሻ ያስታረቋቸው ሼህ ይማም ናቸው፣ አበጋር ነበሩ፣ በወሎ የተጣላን የሚያስማማ ሽማግሌ አበጋር ይባላል። ላይኞቹ በሳምንት ሦስት ቀን ምንጩን ወደ ሆራው ሊለቁ፣ ታችኞቹ በለውጡ የላዩን ተራራ እርከን ሊሠሩ፣ እስኪሞላም አንድም ከብት ዳሩን ላይረግጥ ተማማሉ። ውሃው ውስጥ ሦስት ምልክት የተቆረጠበት እንጨት ተተከለ፣ በመስቀል ማግስት ውሃው ሦስተኛው ላይ ከደረሰ ስምምነቱ ይጸናል፣ ካልደረሰ ላይኞቹ ምንጫቸውን ይወስዳሉ፣ የእኛም መንደር ለሰፈራ ይመዘገባል።

እንጨቱን ማን ያንብብ ተባለ፣ አንዱ የሌላውን ሰው አላምንም አለ። ሼህ ይማም «ዝናሽ እላይ ተወልዳ እታች ነው የተዳረችው፣ ለማን ብላ ትዋሻለች?» አሉ፣ ፊደልም በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬ ስለነበር ደብተር ተሰጠኝ። በየጠዋቱ ስወርድ ሴቶቹ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሾፉብኛል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለሌላው የሚጠበቀው ውሃ ነበር፣ እኔ የምጠብቀው ካሳውን ነው።

የመስቀል ማግስት ጠዋት ጉም ወርዶ እጄን እንኳ በወጉ አላይም ነበር። ሹማምንቱ ቀትር ላይ ይመጣሉ፣ ማታ ሳየው ውሃው ከሦስተኛው ምልክት ሁለት ጣት ይጎድል ነበር፣ ደብተሬን ይዤ ዳሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ጠብ የምትል የውሃ ድምፅ ሰማሁ፣ ወፍ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ የበሬ ትንፋሽ መጣ፣ አፍንጫውን ውሃ ውስጥ አድርጎ እፉፍ ሲል፣ የማን ከብት ነው መሐላ ያፈረሰው ብዬ ልነሳ ስል፣ እመነኝ፣ ከማዶ ፉጨት ተሰማ፣ ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንድ ጊዜ ሰበር።

ካሳው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ይደነብርብኛል ሲለኝ የነበረው ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ላፏጭለት ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ፣ ማንም በሌለበት፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ አፈርኩ! ሴት አታፏጭም ተብዬ አድጌ እንዴት ላፏጭ? ፉጨቱ እንደገና ረዘም አለ፣ እንደገና ረዘም ሊል ጀመረና መሐል ላይ ቀጥ አለ። ከማዶ የመጣ ሞገድ እግሬን ነካኝ፣ እንጨቱን መታው፣ ውሃው ሲረጋ ሦስተኛው ምልክት ላይ ነበር።

ሆራውን ዞሬ ወደ ማዶ ሮጥኩ። ጨው በተጋገረው ጭቃ ላይ የሁለት በሬ ኮቴ አለ፣ አንደኛው የኋላ ግራ እግሩን እየጎተተ የሄደ ነው፣ ቦራ እንደዚያ ነበር የሚሄድ። ኮቴው ወደ ውሃው ይገባል፣ የወጣበት የለም፣ የሰው ዱካ ጭራሽ የለም።

ቀትር ላይ ሹማምንቱ መጡ፣ ምልክቱን አዩ፣ ተጨበጨበ፣ ላይኞችና ታችኞች ተቃቀፉ። ሼህ ይማም ብቻ ሆራውን ዞረው ማዶ ቆመው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከብት አስገብተሻል እንዴ?»

«ኧረ እኔስ አላስገባሁም፣ አባቴ።»

«እና ይኼ ኮቴ የማን ነው?»

እንባዬ መጣ። ፊቴን አዩና ሌላ ሰው ሳይደርስ ኮቴውን በከዘራቸው አጠፉት። «አላህ ያውቃል። ለማንም እንዳታወሪው» አሉኝ።

መንደራችን ተረፈ። ከስንት ዓመት በኋላ ከሰፈራ የተመለሰ አንድ ሰው ደጄ መጥቶ «ካሳውስ?» አለኝ፣ «በዚያ ክረምት ሆራው ሊሞላ ነው ሲባል ሰምቶ በእግሩ ወጣ እኮ፣ አልደረሰም እንዴ?» ደርሷል ልበል፣ አልደረሰም ልበል?

ዛሬ ሆራው ሞልቷል፣ የሁለቱም ወረዳ ከብት ጎን ለጎን ይጠጣል። እኔ አሮጊቷ በየጠዋቱ ወርጄ አፏጫለሁ፣ ያበደች ይሉኛል፣ ይበሉ፣ ያን ቀን ማፈሬ ይበቃኛል። ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንድ ጊዜ ሰበር፣ እንደገና ረዘም አደርግና እሱ ያቋረጠባት ቦታ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ፣ የቀረችውን እሱ ይጨርሳት ብዬ።